የኦቦ ቱፋ ችካሎች

የሱሉልታ ሰው ሦስት እግር ያለው ነገር አይወድም። በርጩማን ሳይጨምር ነው ታዲያ፤ በርጩማ ላይ እኛ እንቀመጣለን እንጂ እሱ እኛ ላይ አይቀመጥም። እኔ የምላችሁ ያንን ሜዳ መሃል ገትረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው የሚያጮልቁበትን የቀያሾች መሣሪያ ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መሬትህን የሚያይ ሰው በደግ እንደማያይህ ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጅብ ሲመጣ ውሻ ይጮሃል፤ ሌባ ሲመጣ ጎረቤት ይጮሃል፤ ባለ ሦስት እግሩ ሲመጣ ግን የሚጮህ የለም። ጨዋ ነው። ይቆማል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ሰንበትበት ብሎ ችካል ይመጣል። ከችካሉ ቀጥሎ ቀይ ቀለም የያዘ ሰው ይመጣና ግድግዳህ ላይ ሁለት መስመር አመሳቅሎብህ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቤትህ የሚቆመው በቀጠሮ ነው።

እኔ እንግዲህ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ያልተለካ ነገር አይታወቅም» እያልኩ ስሰብክ ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። «የተለካ ነገርስ ለባለቤቱ ይተርፋል ወይ?» ብለው በልባቸው ሲጠይቁኝ እንደኖሩ የገባኝ፣ ይኸው አሁን የማወጋችሁ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው።

ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር፣ ከሰበታም ከቡራዩም ከእኛም ከሱሉልታ ጋር አንድ ላይ የሚያቅድ «ማስተር ፕላን» መጣ የተባለበት ጊዜ ነው። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ካርታውን በቃሉ የማይዘረጋ ሰውም አላጋጠመኝም። ሚኒባስ ውስጥ ከገባችሁ ረዳቱ ሒሳብ እየተቀበለ መንገዱ በማን ጓሮ እንደሚያልፍ ይነግራችኋል። አንዱ የእኔን ኩሽና ለአደባባይ ሰጥቶት ሰምቼ ቤቴ ገብቼ ኩሽናዬን አተኩሬ አይቼዋለሁ። ከዚያ ልጆች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ፤ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ጠፋ። ታስሮ የቆየ፣ ወጥቶም ያልተመለሰ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ይህን በቀልድ አላልፈውም፤ ከክፍሌም ባዶ የቀሩ ወንበሮች ነበሩ።

ሌሊሴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

ሌሊሴ ሰበታ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች፤ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ። ደወል ተደውሎ እንኳ በሩ ላይ ትይዘኝ ነበር። አሁን አውሮፓ ሄዳ ለዶክትሬት ትማራለች። እናቷን ልትጠይቅ ለጥቂት ጊዜ መጥታ፣ እኔንም ልታይ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቃ፣ ሚኒባስ እየቀያየረች ከሰበታ ሱሉልታ ድረስ መጣች። «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«ኤሌክትሮን በሌዘር እናፈጥናለን፣ ቲቸር» አለችኝ።

ገባኝ እንዳልል አልገባኝም፤ አልገባኝም እንዳልል መምህሯ ነኝ። ከፊቴ አወቀችብኝ።

«ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ሳለ አምቡላንስ እየጮኸ ሲመጣ መኪናው ሁሉ ወደ ግራና ቀኝ ይሸሻል አይደል? ከአምቡላንሱ ኋላ ለአፍታ ባዶ መንገድ ይከፈታል። እዚያች ክፍተት ውስጥ ጥልቅ ብሎ አምቡላንሱን ተከትሎ የሚፈተለክ አንድ ሚኒባስ መቼም አይጠፋም። ሌዘሩ አምቡላንሱ ነው፤ ጋዝ ውስጥ ሲገባ ያገኘውን ሁሉ ገፍቶ ያልፋል። ኤሌክትሮኑ ያ ሚኒባስ ነው።»

«አንቺስ ምንድን ነሽ?»

«እኔ ትራፊክ ፖሊሱ ነኝ» አለች። «ሚኒባሱን የምለካው እኔ ነኝ።»

አለካኳን እንዲህ አድርጋ ነው ያስረዳችኝ። ኤሌክትሮኑ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ መንገዱ ላይ ማግኔት ታስቀምጥበታለች። ማግኔቱ ከመንገዱ ሊያጥፈው ይታገለዋል። ደካማው ክፉኛ ይታጠፋል፤ ብርቱው ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያልፋል። ከወዲያ በኩል ኤሌክትሮን ሲመታው ቦግ የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ብርሃኑ የቱ ጋ እንደበራ አይታ የኤሌክትሮኑን ጉልበት ታውቃለች። ማግኔቶቹንና ሰሌዳውን የያዘው አንድ የጫማ ካርቶን የሚያህል የብረት ሳጥን ነው፣ እሷው በእጇ የሠራችው። «ተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ሥዕል ሌላ ያዩት የለም፤ አንድ ነገር ይዘሽላቸው ነይ» ብዬ በስልክ ስለለመንኳት ይዛው መጥታለች። እንዴት አድርጋ በአየር ማረፊያ ፍተሻ እንዳሳለፈችው ራሱን የቻለ ወግ ነው።

ፕሮፌሰሯ ሳጥኑን ሲፈቅድላት አንድ ቃል አስገብቷት ነው፤ በተባለው ቀን ተመልሶ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ትልቁ ሌዘር እንደ ወፍጮ ቤት ተራ አለው። የእሷ ተራ ደርሷል። ሳጥኑ ከሌለ ተራው ለሌላ ያልፋል፤ ተራው ካለፈ ዶክትሬቱም አብሮ ያልፋል። የመመለሻ በረራዋ በዚያው ሳምንት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ግን የሱሉልታ ሜዳ እያለ ቦታ ምን ቸገረን? እኔው መረጥኩ። አመሻሹ ላይ፣ ላሞች ሲገቡ፣ በየሰፈሩ የቀሩትን ተማሪዎቼን ሰብስቤ ሳሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሌሊሴ እንዳለችው ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ መንገድ ማቅናት ነው፤ የማይታየው ኤሌክትሮን ከመለቀቁ በፊት፣ የሚታይ ቀይ የሌዘር ብርሃን በቀዳዳ በቀዳዳ አሳልፈው መስመሩን ያስተካክሉለታል። ይህንን ልታሳያቸው ትንሽ ሌዘር አንድ መቆሚያ ላይ አቆመች። መቆሚያው ሦስት እግር ነበረው።

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አስቡት፤ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም። የከተማ ልብስ የለበሰች ልጅ ሜዳ መሃል ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ ታጮልቃለች፤ አጠገቧ አንድ የመንግሥት ደሞዝተኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ቀይዋ ብርሃን ሁለቱን የካርቶን ቀዳዳዎች አልፋ ቀጥ ብላ ሄደች። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። ብርሃን ደግሞ የሚያግደው ካላገኘ አይቆምም፤ ሜዳውን ተሻግራ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ የኦቦ ቱፋ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ገና በቅጡ ያልደረቀ ምርጊት ላይ፣ ቀይ ነጥብ ሆና ዐረፈች።

የኦቦ ቱፋ ባለቤት አዴ ጫልቱ የወተት ጄሪካን ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ አዩዋት። ቀይ ምልክት፣ ግድግዳቸው ላይ። ጄሪካኑን ቀስ ብለው አስቀመጡ አሉ፣ ወተቱ እንዳይደፋ፤ ከዚያ ጮኹ።

በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነብራል ይባላል፤ እኛ ያን ሰሞን ልጡም እባቡም ተምታቶብን ነበር። ሜዳው በአንዴ በሰው ተሞላ። ፊት ፊት የመጣው ገመቹ ነው፤ የኦቦ ቱፋ የመጨረሻ ልጅ፣ ድርቆሽ የሚሸጥ፣ የልብ ጓደኛው የታሰረበት ወጣት። ያውቀኛል፤ ማወቁ ግን አልጠቀመኝም። የማያውቁትን ቀያሽ ይጠሉታል፤ በሚያውቁት ያዝኑበታል። እኔ ሁለቱን ካመዛዘንኩ መጠላቱን እመርጥ ነበር።

«ባርሲሳ፣ አንተም?» አለኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ።

«ገመቹ፣ ይሄ እኮ ፊዚክስ ነው» አልኩት።

በሕይወቴ እንደዚያ የማይረባ ዐረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ሌዘሯን ወሰዱ፣ መቆሚያውን ወሰዱ፣ የብረት ሳጥኑንም ወሰዱ። እኛን ግን ጫፋችንን አልነኩንም። «ነገ ጠዋት ሽማግሌ ያየዋል» ብለው ሄዱ።

ሌሊሴ ቆማ ባዶ እጇን ታያለች። አንድ ጎረቤቴ ጠጋ ብሎ «ለፖሊስ አመልክቱ እንጂ» አለን። ያን ሰሞን ፖሊስ ለሳጥን ብሎ ቢመጣ ሳጥን ብቻ ይዞ አይመለስም። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ መለሰችለት። «አይሆንም» አለች። «በእኔ ሳጥን የሰው ልጅ ከሚታሰር ሳጥኑ ይቅር።» ያን ጊዜ ኮራሁባትም፣ አዘንኩላትም፤ ይህን ያህል ዓመት የለፋችበትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ስትለቀው ማየት ቀላል አይደለም። ወደ ሰበታ እንዳትመለስ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል፤ ቤቴ ይዣት ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ቱፋ ግቢ ተሰበሰብን። ኦቦ ቱፋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለጸሎት ካልሆነ ቆባቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። አንዴ መሬታቸው ላይ የተተከለ ችካል ነቅለው እሳት አነደዱበት ይባላል። እሳቸውን ብትጠይቋቸው «ውሸት ነው፤ እርጥብ ነበር፣ አልነደደም» ይሏችኋል። «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ» አሉን፤ ሰላምታቸውን አልነፈጉንም፣ እኔም እሱን እንደ መልካም ምልክት ያዝኩት።

«ዕቃው ይምጣ» አሉ። «ዕቃውን ሳናይ በወሬ አንፈርድም።»

ገመቹ ሳጥኑን ድርቆሽ ክምር ውስጥ ነበር የደበቀው። ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ለደባቂውም ጭምር። የመጀመሪያውን ክምር አፈረሱት፤ የለም። «እዚህ ነበር ያደረግኩት» ይላል ገመቹ ራሱን እያከከ። ሌሊሴ ከንፈሯን ነከሰች። ደግነቱ ያን ጠዋት ከአዲስ አበባ የድርቆሽ ገዢ መኪና ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው አሉ፤ መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ ቀረ። ስንት ጊዜ የረገምኩትን የመንገድ መዘጋት ያን ጠዋት ብቻ አመሰገንኩት፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ። ሳጥኑ ከሚቀጥለው ክምር ውስጥ ሳር ለብሶ ወጣ።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?» አሏት ኦቦ ቱፋ።

«መለኪያ ነው» አለች።

አይ ሌሊሴ። ግቢው አጉረመረመ። እውነት መናገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጊዜ መምረጥ ግን የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የለም።

«መሬት ይለካል?»

«አይለካም፣ ኦቦ ቱፋ። የሚለካው በዓይን የማይታይ ነገር ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ አንዱ ከኋላ።

ገመቹ ብድግ አለ። «መሬታችንንስ ሊወስዱት የመጡት በማይታይ ነገር አይደል? ካርታውን ያየ አለ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ነቀነቅኩ። ነገሩ እየተበላሸ እንደሆነ ገባኝ፤ ሳጥኑ እፊታችን ተቀምጦ፣ እጃችን ሊደርስበት ተቃርቦ፣ እየራቀ ነው።

ሌሊሴ ዞር ዞር ብላ አየች። በተከፈተው በር በኩል፣ ቤት ውስጥ፣ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ቴሌቪዥን ይታያል፤ ያ ጀርባው ሰፊ የሆነው፣ ለመሸከም ሁለት ጎረቤት የሚጠራለት ዓይነት። «እሱን ማብራት ይቻላል?» አለች።

መብራት ነበረ፤ ይህም ራሱ ሊመዘገብ የሚገባው ነገር ነው። ቴሌቪዥኑ ወደ በሩ ተጠግቶ ተከፈተ። ከረባት ያሰረ ዜና አንባቢ ስለ ልማት ይናገራል። ሌሊሴ ከሳጥኑ ውስጥ ትንሿን ማግኔት አወጣችና ወደ መስታወቱ አስጠጋቻት። የዜና አንባቢው ፊት ተጠማዘዘ። አፉ ወደ ጆሮው ሄደ፤ ግንባሩ ወደ አገጩ ወረደ፤ ድምፁ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ልማቱ ቀጠለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያን ሰሞን ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ገመቹ ራሱ የበሩን መቃን ይዞ ሳቀ፤ አዴ ጫልቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ እኔም ደሞዝተኛነቴን ረስቼ ከት አልኩ። ሌሊሴ ማግኔቷን ወደ ግራ ስትወስዳት ፊቱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትመልሳት ወደ ቀኝ። «አሁን ደግሞ ወደ ላይ» እያለ የሚያዛት ሰው ሁሉ ተገኘ።

ኦቦ ቱፋ ብቻ አልሳቁም። «ምን አጣመመው?» አሉ።

«ከዚህ ቴሌቪዥን ጀርባ ኤሌክትሮን እየተወረወረ መጥቶ መስታወቱን ይመታል፣ መስታወቱ ያበራል። የምናየው ምስል እሱ ነው። ማግኔቷ መንገዱን ታጥፍበታለች።» ሌሊሴ የብረት ሳጥኗን ከፍታ ማግኔቶቹንና ሰሌዳዋን አሳየቻቸው። «የእኔም ዕቃ ይኸው ነው፤ ኤሌክትሮኑ ብቻ በጣም ብርቱ ነው። ደካማ ከሆነ ብዙ ይታጠፋል፤ ብርቱ ከሆነ ትንሽ ብቻ። እኔ የምለካው መታጠፉን ነው።»

ኦቦ ቱፋ ይህችን በልባቸው ሲያስቀምጧት አየኋቸው። ሽማግሌ አንድን ነገር ሲያስቀምጥ ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል።

አዴ ጫልቱ ግን ወደ ቴሌቪዥናቸው ጠጋ ብለው ነበር። ማግኔቷ ርቃለች፤ የዜና አንባቢው ፊት ተመልሷል፤ ግራ ጉንጩ ላይ ግን ሐምራዊ ነገር ቀርቷል። «ይሄስ ይለቃል?» አሉ። ሌሊሴ ደነገጠች። ሲበራና ሲጠፋ ቀስ በቀስ ሊለቅ ይችላል አለች። ሊለቅ ይችላል የሚለውን ቃል ፊዚክስ ውስጥ እንዴት እንደምንጠቀምበት እኔ አውቃለሁ።

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ለምን ይጠቅማል?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ሌሊሴ ትንሽ አሰበች። «ለብዙ ነገር ነው፤ እኔን የሚገደኝ ግን አንዱ ነው። ካንሰር ለያዘው ሰው ጨረር ይሰጣል አይደል? ጨረሩ የሚመጣው ኤሌክትሮን ከሚያፈጥን መሣሪያ ነው። መሣሪያው አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሰዉ ወረፋ ይጠብቃል። ወደ ውስጥ ጠልቆ ያለ ዕጢ ላይ የሚደርስ ብርቱ ኤሌክትሮን ደግሞ በጣም ረጅም መሣሪያ ይፈልጋል፣ ሆስፒታል ውስጥ አይገባም። እኛ እሱን በሌዘር አሳጥረን ልናስገባው ነው የምንደክመው። ገና አልደረስንም፤ ሊዘገይ ይችላል፣ አልዋሽም። ግን መንገዱ ወደዚያ ነው።»

የኦቦ ቱፋ ታላቅ እህት የጨረር ወረፋ ሲጠብቁ ነው የሞቱት፤ ሁላችንም ቀብራቸው ላይ ነበርን። ሌሊሴ ይህን አታውቅም። ኦቦ ቱፋ መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩና ቀና አሉ።

«ረጅም ነው አልሽ። ስንት መሬት ይፈጃል?»

ይቺን ጥያቄ እኔ የፊዚክስ መምህሩ አልጠየቅኳትም ነበር። ስለ ጉልበቱ ጠይቄያለሁ፤ ስለ ማግኔቱ ጠይቄያለሁ፤ ስለ መሬት የጠየቁ እሳቸው ናቸው።

«የትልልቆቹ አገሮች ትልቁ ማፍጠኛ ከዚህ ቢጀመር እስከ ጫንጮ ከተማ ያለውን መንገድ ያጋምሰዋል» አለች።

«አላልኳችሁም?» አለ ገመቹ።

ኦቦ ቱፋ በእጃቸው ዝም አሰኙት። «ያንቺስ?»

ሌሊሴ ትንሿን ጣቷን አነሳችና ጫፏን አሳየቻቸው። «ኤሌክትሮኑ የሚፈጥንባት ቦታ ይህችን ታህላለች። ሌዘሩ ግን ዛሬም አንድ ሰፊ ክፍል ይሞላል፤ ከዚያ እንዳያልፍ፣ እንዲያውም እንዲያንስ ነው የምንሠራው።»

ኦቦ ቱፋ ቆባቸውን አወለቁ።

«እኔ በዕድሜዬ ስንት የተማረ ሰው መጥቶ አየሁ» አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ። «ፋብሪካ የሚተክለውም ሰፊ መሬት ይላል። አበባ የሚያበቅለውም ሰፊ መሬት ይላል። መንገድ የሚሠራውም እንደዚያው። ልማት እንዴት በትንሽ መሬት እንደሚሠራ የተማረ ሰው ሳይ ይህች የመጀመሪያዬ ናት። ይህችን ልጅ ነው ዕቃዋን የቀማናት?»

«አባ» አለ ገመቹ፣ «ዛሬ አንድ ክፍል ይላሉ፤ ነገ ደግሞ...»

«ነገማ አንተ አለህ» አሉት።

ሳጥኑን አንስተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ሌሊሴ ልትቀበል ስትል ዕንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ኩሽናዬን ባየሁ። ኦቦ ቱፋ ግን ወደ ግቢያቸው ጥግ፣ ወደ ፈረሰው የድርቆሽ ክምር አጠገብ ሄዱና በእግራቸው መሬቱን ይለኩ ጀመር። አንድ ክፍል የሚያህል ሲረግጡ ቆሙ።

«ገመቹ፣ መጥረቢያ።»

ገመቹ አመጣ። ከማገዶው የባሕር ዛፍ እንጨት አራት ችካል ጠረቡ፤ ጫፉን አሾሉ። ከዚያ ችካል ነቃዩ ኦቦ ቱፋ፣ በገዛ መሬታቸው ላይ፣ በገዛ እጃቸው፣ በአራቱም ማዕዘን ችካል ተከሉ። የመጨረሻውን ሲመቱ ጉልበት አነሳቸው መሰለኝ፤ ገመቹ ምንም ሳይል መጥረቢያውን ተቀብሎ በጀርባው መታላቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ችካል ሲተከል አይተን ጮኸን የማናውቅ የለንም፤ ያን ጠዋት ግን አንድ ሰው አልጮኸም።

«ሥራሽ ሲያልቅ እዚህ አምጪው» አሏት። «ለዚያች ክፍል ይሄ ይበቃል?»

ሌሊሴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከችካሉ አንድ ስንዝር ብታልፊ ግን እነቅለዋለሁ። ነቅዬ አውቃለሁ።»

«የዚያን ጊዜው ችካል አልነደደም ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«ይሄኛው ደረቅ ነው» አሉኝ።

ሌሊሴ በረራዋ ላይ ደረሰች። ያደረሳት ገመቹ ነው፤ ዘመዱን ከነመኪናው ለምኖ፣ ድንጋይ በተደረደረበት ሁሉ እየወረደ «የእኛ ናት» እያለ አሳለፋት። ሳጥኑን ጭኑ ላይ ይዞ ነበር አሉ፣ እንደ ዕንቁላል። ሲመለስ ቤቴ በር ላይ ቆሞ «አድርሻታለሁ፣ እርስዎ አይስጉ» አለኝ። «እርስዎ» የምትለው ቃል ተመልሳ ስትመጣ እንዴት እንደምትጣፍጥ ያጣት ሰው ያውቃታል።

ከወራት በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ቀረ ሲባል ምን ያህሉ እንደቀረ ለማወቅ ደግሞ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል፤ የጎደለው ልጅ ግን ፕላኑ ስለቀረ አልተመለሰም። ብቻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ድርቆሹም ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ ኢንተርኔትም አንድ ቀን ድንገት መጣ። ሲመጣ የከረመውን መልእክት ሁሉ ስልኬ ላይ አፈሰሰው። ከመሃሉ አንዱ የሌሊሴ ነበር። ፎቶ ነው፤ ጨለማ ሰሌዳ ላይ አንዲት አረንጓዴ የብርሃን ነጠብጣብ። ከሥሩ «ሠራ፣ ቲቸር። ከጠበቅነው በታች ነው የታጠፈው። ለኦቦ ቱፋ ንገሩልኝ» ይላል። ብቻዬን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ልነግራቸው ሄድኩ። ቴሌቪዥናቸው በርቷል፤ ሐምራዊው ጉንጭ እስከዛሬ አልለቀቀም፣ በዚያ ቤት የሚታይ ባለሥልጣን ሁሉ ግራ ጉንጩን በጥፊ የተመታ ይመስላል። አዴ ጫልቱ ለምደውታል፤ እንዲያውም «ሌላ ቤት ሳይ ፊቱ ባዶ ሆኖ ይታየኛል» ይላሉ። ኦቦ ቱፋን ያገኘኋቸው ጓሮ ነው። ከአራቱ ችካሎች በአንዱ ላይ ጊደር ታስራ ቆማለች፤ በአራቱ ችካሎች መሃል ያለውን ሳር ግጣ ግጣ ምንጣፍ አስመስላዋለች። እኔም በሆዴ፣ ይኸው፣ ላቦራቶሪው ገና ሳይመጣ ጊደሯ ገባችበት አልኩ። ምን ይደረግ፤ ባዶ ቦታ ጠባቂ አያጣም።

ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ይዘው ያቺን የብርሃን ነጠብጣብ ሲያዩ ቆዩ።

«ታጠፈ?» አሉኝ።

«ታጥፏል። ግን ትንሽ ብቻ።»

ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ትንሽ ከሆነ ብርቱ ነው» አሉ።

ከዚያ ስልኬን መለሱልኝና ወደ ችካሉ ሄዱ። ጎንበስ ብለው የጊደሯን ገመድ ፈቱ።

«ወዴት ሊወስዷት ነው?» አልኳቸው።

«ኮቱ፣ ነይ» አሉ ጊደሯን እየሳቡ። «የሰው ቦታ ነው፤ ባለቤቱ ልትመጣ ነው።»